የሮሙ ሄርማስና «እረኛው»፦ ከቅዱሳት መጻሕፍት ቁጥር ውጭ የቀረ መጽሐፍ ታሪክ

ሄርማስ በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አጋማሽ በሮም ከተማ የኖረ ክርስቲያን ነው። «እረኛው» በሚል ስም የሚታወቀውን የራእይ፣ የትእዛዝና የምሳሌ መጽሐፍ የጻፈው እርሱ ነው። የጻፈው በግሪክኛ ነው፤ በዚያ ዘመን በሮም የነበሩት ክርስቲያኖች አብዛኞቹ ከምሥራቅ አገሮች የመጡ መጻተኞች፣ ባሮችና ከባርነት የወጡ ሰዎች ስለነበሩ በጸሎታቸውም በደብዳቤያቸውም የሚጠቀሙት በዚሁ ቋንቋ ነበር። ከሐዋርያት ቀጥሎ በነበረው ትውልድ ተጻፉ ከሚባሉት ሥራዎች መካከል በርዝመት «እረኛው»ን የሚስተካከል የለም። ለሁለት መቶ ዓመታት ያህል ከግብፅ እስከ ዛሬዋ ፈረንሳይ ድረስ በስፋት ተነብቧል፤ ከቅዱሳት መጻሕፍት ጋር የቆጠሩትም ነበሩ። ዛሬ ግን በየትኛውም ቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አይገኝም። እንዲህ የሆነው አንድ ጉባኤ ተሰብስቦ ስላወገዘው አይደለም። ጠቃሚነቱን ብዙዎች እየመሰከሩለት፣ ጸሐፊው ከሐዋርያትም ከነቢያትም ወገን ስላልሆነ ብቻ ቀስ በቀስ ወደ ዳር የወጣ መጽሐፍ ነው።

ስለ ሄርማስ ሕይወት የሚታወቀው ከሞላ ጎደል ራሱ በመጽሐፉ ውስጥ የተናገረው ነው። ታሪኩን የሚጀምረው ከባርነቱ ነው። ያሳደገው ሰው ሮም ውስጥ ሮዴ ለምትባል ሴት ሸጠው። ከብዙ ዓመታት በኋላ ከዚህች እመቤቱ ጋር ዳግም ተገናኘና እንደ እህት ይወዳት ጀመር። አንድ ቀን በቲቤር ወንዝ ስትታጠብ አገኛት፤ እጁን ሰጥቶ ከውኃው አወጣት። መልኳን ባየ ጊዜ፣ በመልክም በጠባይም እርሷን የመሰለች ሚስት ቢኖረው እንዴት የታደለ ሰው በሆነ ነበር ብሎ በልቡ አሰበ። ከዚያ ያለፈ አንዳች ነገር እንዳላሰበ አጥብቆ ይናገራል። ጥቂት ጊዜ ቆይቶ መንገድ ሲሄድ እንቅልፍ ወሰደውና መንፈስ አንሥቶ ሰው በማይረግጠው ገደላማ ስፍራ አሻገረው። ተንበርክኮ ኃጢአቱን ሲናዘዝ ሰማይ ተከፍቶ ሮዴ ከላይ ታየችው፤ በጌታ ፊት ልትከስሰው እንደ ተወሰደችም ነገረችው። ሄርማስ ደነገጠ፤ መቼ ክፉ እንዳደረገባት፣ መቼ ነውር እንደ ተናገራት ጠየቃት። እርሷም በልቡ ያለፈውን ያንን አሳብ አስታወሰችው።

አንድ የራእይ መጽሐፍ እንዲህ ባለ ነገር መጀመሩ በዘመኑ የተለመደ አልነበረም። የዚያ ዘመን የራእይ ጸሐፊዎች አብዛኞቹ የሄኖክን፣ የዕዝራን ወይም የሌላ ጥንታዊ ጻድቅን ስም ተጠልለው ይጽፉ ነበር። ሄርማስ ግን በገዛ ስሙ ጻፈ፤ የቤቱንም ገመና አልደበቀም። ሚስቱ አንደበቷን የማትገታ ሴት እንደ ነበረች፣ ልጆቹ በእግዚአብሔር ላይ ክፉ ተናግረው ወላጆቻቸውን አሳልፈው እንደ ሰጡ፣ እርሱም ለልጆቹ ካለው ፍቅር የተነሣ ሳይገሥጻቸው እንደ ኖረ በግልጽ ጽፏል። በአንድ ወቅት ሀብታም ነበረ፤ ኋላ ሀብቱን አጣ። እውነት ብቻ እንዲናገር በታዘዘ ጊዜ ምርር ብሎ ማልቀሱንም አልሸሸገም። በዕድሜው ሁሉ እውነት ተናግሮ እንደማያውቅ፣ በሥራ ጉዳዩ ሁሉ እየዋሸ እንደ ኖረ፣ ሰዎችም ውሸቱን እንደ እውነት ይቀበሉለት እንደ ነበር ተናዘዘ። አንባቢዎቹ የወደዱት ከእነርሱ እንደ አንዱ ስለነበረ ይመስላል፤ ሰማዕት ወይም ሊቅ አልነበረም፣ የቤትና የገበያ ጣጣ ያለበት ምእመን ነበር።

መጽሐፉ አምስት ራእዮች፣ አሥራ ሁለት ትእዛዛትና አሥር ምሳሌዎች አሉት። በመጀመሪያዎቹ ራእዮች ለሄርማስ የምትገለጠው የምታበራ ልብስ የለበሰች፣ መጽሐፍ በእጇ የያዘች አሮጊት ናት፤ እንደ በረዶ በነጣ ሱፍ በተሸፈነ ትልቅ ወንበር ላይ ተቀምጣ ታነብለታለች። ሄርማስ ማን እንደሆነች አላወቀም። በሕልሙ አንድ መልከ መልካም ወጣት መጥቶ አሮጊቷ ማን ትመስልሃለች ብሎ ሲጠይቀው፣ በሮማውያን ዘንድ የታወቀችው ነቢይት ሲቢላ ናት ብሎ መለሰ። ወጣቱም እንደ ተሳሳተ ነገረው፤ ሴቲቱ ቤተ ክርስቲያን ናት። ያረጀችውም ከሁሉ አስቀድማ ስለ ተፈጠረችና ዓለም ስለ እርሷ ስለ ተሠራ ነው። በቀጣዮቹ ራእዮች ፊቷ እየታደሰ፣ ወዟ እየተመለሰ ሄደ፤ በመጨረሻም ሙሽራ መስላ ታየችው። እርጅናዋ ምእመናን በልባቸው መድከማቸውን፣ ወጣትነቷ ደግሞ በንስሐ መታደሳቸውን እንደሚያሳይ ተነገረው።

አሮጊቷ የሰጠችውን ትንሽ መጽሐፍ ሄርማስ ቃላቱን መለየት ስላቃተው ፊደል በፊደል ገለበጠው። ኋላም ሁለት ቅጂ እንዲያዘጋጅ ታዘዘ፤ አንዱ ለቀሌምንጦስ፣ ሌላው ግራጵቴ ለምትባል ሴት። ቀሌምንጦስ በውጭ ላሉት ከተሞች ይልካል፤ ሥራው ይህ ነውና። ግራጵቴ መበለቶችንና ወላጅ የሌላቸውን ልጆች ታስተምርበታለች። ሄርማስ ራሱ ደግሞ ቤተ ክርስቲያኒቱን ከሚመሩት ሽማግሌዎች ጋር በከተማው ያነብበዋል። ይህች አጭር ትእዛዝ የሮም ቤተ ክርስቲያን በዚያ ዘመን እንዴት ትሠራ እንደ ነበር ለሚያጠና ሰው ከብዙ ገጽ ትርጓሜ ትበልጣለች። መሪዎቹ በቡድን ያሉ ሽማግሌዎች ናቸው፤ ከሌሎች ከተሞች ጋር የሚጻጻፍ የተመደበ ሰው አለ፤ መበለቶችንና ልጆችን የማስተማር ኃላፊነት የተሰጣት ሴት አለች። አንድ መጽሐፍ ያለ ማተሚያ ቤት እንዴት ከእጅ ወደ እጅ፣ ከከተማ ወደ ከተማ እንደሚዛመትም በዚሁ ይታያል።

በሦስተኛው ራእይ ሄርማስ በውኃ ላይ የሚታነጽ ታላቅ ግንብ ያያል። ውኃው ጥምቀት፣ ግንቡ ቤተ ክርስቲያን፣ ድንጋዮቹ ሰዎች ናቸው። ከጥልቁ እየወጡ ያለ ምንም ጠረባ የሚገጥሙ አሉ፤ እነዚህ ስለ ስሙ መከራ የተቀበሉት ናቸው። አራት ማዕዘን የሆኑት ነጫጭ ድንጋዮች ሐዋርያት፣ ኤጲስ ቆጶሳት፣ መምህራንና ዲያቆናት ናቸው። የተሰነጠቁ፣ ያጠሩ፣ ከግንቡ ርቀው የተጣሉም አሉ። ከሁሉ ይልቅ የሄርማስን ዓይን የሳቡት ነጭና ክብ ሆነው ለሕንጻው የማይገጥሙት ድንጋዮች ነበሩ። እነርሱም እምነት ያላቸው፣ ግን የዚህ ዓለም ሀብት ያልተለያቸው ሰዎች ናቸው፤ መከራ በመጣ ጊዜ ስለ ንብረታቸውና ስለ ንግዳቸው ጌታቸውን ይክዳሉ። ክብ ድንጋይ ዙሪያው ተጠርቦ ካልወደቀለት አራት ማዕዘን እንደማይሆን፣ ባለ ጠጋም ሀብቱ ካልተቆረጠለት ለጌታ አይጠቅምም። ለዚህ ምስክር እንዲሆን ሄርማስ ወደ ራሱ እንዲመለከት ተነገረው፤ ባለ ጠጋ በነበረ ጊዜ የማይረባ እንደ ነበረ፣ ሀብቱን ካጣ በኋላ ግን ለሕይወት እንደ ተጠቀመ።

አራተኛው ራእይ የተገለጠው በቪያ ካምፓና፣ ከሮም በሚወጣ አንድ የታወቀ አውራ ጎዳና አጠገብ ነው። ሄርማስ ብቻውን ሲሄድ ከፊቱ እስከ ሰማይ የሚደርስ አቧራ አየ፤ የከብት መንጋ የሚመጣ መሰለው። አቧራው እየበዛ ሲመጣ ግን አንድ ግዙፍ አውሬ ከውስጡ ብቅ አለ፤ ርዝመቱ መቶ ጫማ ያህል፣ ራሱ የሸክላ ጋን የመሰለ፣ ከአፉ የእሳት አንበጦች የሚወጡ። በራሱ ላይ አራት ቀለማት ነበሩት፤ ጥቁር፣ ደምና እሳት የመሰለ ቀይ፣ ወርቃማና ነጭ። ሄርማስ አለቀሰ፤ ከዚያም እንዳይጠራጠር የተነገረውን አስቦ ወደ አውሬው ገፍቶ ሄደ። አውሬው ከተማ የሚያፈርስ በሚመስል ኃይል እየተንደረደረ መጥቶ በምድር ላይ ተዘረጋ፤ እስኪያልፈውም ድረስ ምላሱን ከማውጣት በቀር አልተንቀሳቀሰም። ጥቁሩ ይህ ዓለም፣ ቀዩ ዓለም በደምና በእሳት መጥፋቱ፣ ወርቁ በእሳት ተፈትነው ከዚህ ዓለም ያመለጡት፣ ነጩ የሚመጣው ዘመን እንደሆነ ሙሽራ የመሰለችው ቤተ ክርስቲያን ተረጐመችለት። በመጽሐፉ ውስጥ ካሉት ትዕይንቶች ሁሉ በአጻጻፉ የሚልቀው ይህ ነው።

አምስተኛው ራእይ አጭር ቢሆንም መጽሐፉ ስሙን ያገኘው ከእርሱ ነው። ሄርማስ በቤቱ ጸልዮ በአልጋው ላይ እንደ ተቀመጠ ነጭ የፍየል ሌጦ የለበሰ፣ በትከሻው ከረጢት፣ በእጁ በትር የያዘ ሰው ገባ። ይህ ሰው እስከ ዕድሜው ፍጻሜ አብሮት እንዲኖር የተላከ የንስሐ መልአክ ነው፤ ከዚህ በኋላ ያሉትን ትእዛዛትና ምሳሌዎች ሁሉ የሚያስጽፈው እርሱ ነው።

ከትእዛዛቱ ሁሉ ብዙ ክርክር ያስነሣው የንስሐ ጉዳይ ነው። በዚያ ዘመን አንዳንድ መምህራን በጥምቀት ከሚገኘው ስርየት በቀር ሌላ ንስሐ የለም ብለው ያስተምሩ ነበር። ከጥምቀት በኋላ በስደት ጊዜ ለካደ፣ ለዘሞተ ወይም ለሰረቀ ሰው ይህ ተስፋ የሚያስቆርጥ ትምህርት ነው። ሄርማስ ይህን አንሥቶ እረኛውን ጠየቀው። እረኛውም የመምህራኑን ቃል ሳያፈርስ፣ ጌታ የሰውን ድካምና የዲያብሎስን ተንኰል ስለሚያውቅ ከጥምቀት በኋላ ለወደቀ ሰው አንድ ንስሐ እንደ ሰጠ መለሰለት። አንድ ብቻ። እየደጋገመ ለሚበድልና እየደጋገመ ለሚመለስ ሰው መዳን አስቸጋሪ ነው። ይህ ትምህርት ለዛሬ አንባቢ ጥብቅ ይመስላል፤ በጊዜው ግን በር የከፈተ ነበር። ስለ ትዳር የተናገረውም በዚሁ መንፈስ ነው። ሚስቱ በዝሙት ጸንታ ንስሐ ያልገባች ባል ከእርሷ ይለይ፤ ሌላ ግን አያግባ። እርሷ ተጸጽታ ብትመለስ የምትገባበት ቤት ሊኖር ይገባልና። ንስሐ የገባችውን አልቀበልም የሚል ባል ራሱ ኃጢአተኛ ይሆናል። ሕጉ ለባልም ለሚስትም እኩል ነው።

ሐሰተኛ ነቢይን የሚገልጥበት ክፍልም ዘመኑን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ሰዎች በአግዳሚ ወንበር ተቀምጠዋል፤ አንዱ ግን ለብቻው በከፍተኛ ወንበር ላይ ተሰይሟል። ስለ ዕጣ ፈንታቸው ይጠይቁታል፤ እርሱም ደስ የሚያሰኛቸውን ይነግራቸዋል፤ ዋጋ ሳይቀበልም ትንቢት አይናገርም። ጻድቃን በተሰበሰቡበት ጉባኤ ሲገባ ግን አፉ ይዘጋል። እውነተኛው ነቢይ የሚታወቀው በትሕትናውና በአኗኗሩ ነው።

ከምሳሌዎቹ መካከል ስለ ባለ ጠጋና ስለ ድሃ የተነገረው ሁለተኛው ምሳሌ ይጠቀሳል። በኢጣሊያ ገበሬዎች ወይናቸውን ፍሬ በማይሰጠው ኤልም በሚባል ረጅም ዛፍ ላይ ያወጡት ነበር። ወይኑ በምድር ላይ ከተንጋለለ ፍሬው ይበሰብሳል፤ በዛፉ ላይ ከወጣ ግን አብዝቶ ያፈራል። ስለዚህ ፍሬ የሌለው ዛፍም ፍሬ እንዳፈራ ይቆጠራል። ባለ ጠጋ ስለ ሀብቱ ስለሚባክን ጸሎቱ ደካማ ነው፤ ድሃው በጸሎት ባለ ጠጋ ነው። ባለ ጠጋው ድሃውን ሲደግፍ ድሃው ስለ ባለ ጠጋው ይጸልያል፤ ሁለቱም በአንድ ሥራ ተባባሪ ይሆናሉ። በአምስተኛው ምሳሌ ደግሞ ጾም እንዴት እንደሚጾም በዝርዝር ተነግሯል። ጾመኛው በዚያ ቀን ከእንጀራና ከውኃ በቀር ምንም አይቀምስም፤ ሊበላው የነበረው ምግብ ስንት እንደሚያወጣ አስልቶ ያንን ለመበለት፣ ወላጅ ለሌለው ልጅ ወይም ለችግረኛ ይሰጣል። የሄርማስ መንፈሳዊነት ሁልጊዜ እንዲህ ሂሳብ ያለው ነው፤ ነጋዴ የነበረ ሰው መሆኑ እዚህ ላይ ሥነ ጽሑፉን ጠቅሞታል።

ዘጠነኛው ምሳሌ የግንቡን ራእይ በአርካድያ ካሉ አሥራ ሁለት ተራሮችና ከአሥራ ሁለት ደናግል ጋር እንደገና ያነሣል፤ ከሌሎቹ ሁሉ ረጅምና አድካሚ ክፍል ነው። መጽሐፉ በየቦታው ነገር ይደጋግማል፤ ቋንቋውም የተራ ሰው ግሪክኛ ነው። በአምስተኛው ምሳሌ ስለ ወልድና ስለ መንፈስ ቅዱስ የተናገረው ኋላ በኒቅያ ከተወሰነው የእምነት አገላለጥ ጋር የማይጣጣምና ለመተርጐም የሚያስቸግር ነው። ሄርማስ የነገረ መለኮት ሊቅ አልነበረም፤ ያሳሰበው የሰዎች አኗኗር ነበር።

መጽሐፉ ገና ሳይቆይ ከሮም ወጣ። በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ የሊዮኑ ሄሬኔዎስ፣ እግዚአብሔር አንድ እንደሆነ የሚናገረውን የመጀመሪያውን ትእዛዝ ሲጠቅስ ቃሉን ከመጻሕፍት እንደ ተወሰደ አድርጎ አቀረበው። የእስክንድርያው ቀሌምንጦስ በአክብሮት ደጋግሞ ጠቀሰው። ኦሪጎን ጸሐፊው ቅዱስ ጳውሎስ በሮሜ መልእክቱ ምዕራፍ 16 ሰላምታ የላከለት ሄርማስ እንደሆነ ገመተ፤ መጽሐፉንም መንፈስ እንዳለበት ቆጠረው፤ ሆኖም ሁሉም እንደማይቀበሉት ያውቅ ነበር። ሕዝቡ ምን ያህል እንደ ተከተለው ከሰሜን አፍሪካው ተርቱሊያን መረዳት ይቻላል። ሄርማስ ጸልዮ በአልጋው ላይ ተቀመጠ ስለሚል፣ አንዳንድ ምእመናን ከጸሎት በኋላ መቀመጥን እንደ ሥርዓት ይዘውት ነበር፤ ተርቱሊያንም ይህን ልማድ ነቀፈ። ናፖሊ ውስጥ በቅዱስ ጀናሮ የመቃብር ዋሻ ግንቡን የሚሠሩት ደናግል በግድግዳ ላይ ተሥለዋል። በግብፅ አሸዋ ውስጥ የተገኙት የመጽሐፉ የፓፒረስ ቁርጥራጮች ከሃያ በላይ ሲሆኑ፣ ከአዲስ ኪዳን መጻሕፍት ብዙዎቹ ይህን ያህል ጥንታዊ ቅጂ አልተገኘላቸውም።

ተቃውሞው የመጣው ከሁለት አቅጣጫ ነው። የመጀመሪያው የተርቱሊያን ነው። ይህ ጸሐፊ ወደ ጥብቆቹ ሞንታናውያን ካዘነበለ በኋላ ለዘማዊ ንስሐ መኖሩን አጥብቆ ካደ፤ «እረኛው»ንም የአመንዝሮች ጠበቃ አድርጎ ሰደበው፤ የአብያተ ክርስቲያናት ጉባኤያት ሁሉ እንደ ጣሉትም ጻፈ። ይህ በቁጣ የተጻፈ ቃል ነው፤ ከእርሱም በኋላ መጽሐፉ በክብር መነበቡን አላቆመም።

ሁለተኛው አቅጣጫ ጸጥ ያለ፣ ግን የጸና ነበር። በሚላን አምብሮዝያና ቤተ መጻሕፍት ሉዶቪኮ አንቶኒዮ ሙራቶሪ ያገኘውና በ1740 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የላቲን ብራና የአዲስ ኪዳንን መጻሕፍት የሚቆጥር ጥንታዊ ዝርዝር ይዟል። የብዙ ሊቃውንት አስተያየት ዝርዝሩን በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ያስቀምጠዋል፤ ወደ 4ኛው የሚያወርዱትም አሉ። በዚህ ዝርዝር መሠረት ሄርማስ «እረኛው»ን የጻፈው በቅርብ ጊዜ፣ ወንድሙ ጵዮስ በሮም ኤጲስ ቆጶስነት ወንበር ተቀምጦ ሳለ ነው። ጵዮስ በመንበሩ የነበረው ከ140 እስከ 155 እ.ኤ.አ. ገደማ ነው። ስለዚህ ዝርዝሩ መጽሐፉ መነበብ እንዳለበት ይፈቅዳል፤ ነገር ግን ቁጥራቸው ከተፈጸመው ከነቢያትም ከሐዋርያትም ጋር በቤተ ክርስቲያን ለሕዝብ እንዳይነበብ ይከለክላል። ምክንያቱ ይህ ብቻ ነው። በትምህርቱ ላይ አንዳች ክስ አልቀረበም። ሄርማስን ያስቀረው በገዛ ስሙና በገዛ ዘመኑ የመጻፉ ቅንነት ነው ማለት ይቻላል፤ የጥንት ነቢይን ስም ቢዋስ ኖሮ ክርክሩ በሌላ መልክ በተካሄደ ነበር።

በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነገሩ እየጠራ ሄደ። የቂሳርያው አውሳብዮስ በታሪክ መጽሐፉ «እረኛው»ን ቅቡልነት ካላገኙት ጽሑፎች ጋር መደበው፤ ያም ሆኖ በአንዳንድ አብያተ ክርስቲያናት በአደባባይ እንደሚነበብና ጀማሪዎችን ለማስተማር አስፈላጊ ነው የሚሉ እንዳሉ መሰከረ። በዚያው መቶ ዓመት የተጻፈው ታላቁ የሲና ብራና ከዮሐንስ ራእይ ቀጥሎ የበርናባስን መልእክትና «እረኛው»ን አካቷል። የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ አትናቴዎስ ደግሞ በአንድ ድርሰቱ መጽሐፉን እጅግ ጠቃሚ ብሎ አመስግኖት ነበር። በ367 እ.ኤ.አ. በጻፈው 39ኛው የትንሣኤ መልእክቱ ግን ሃያ ሰባቱን የአዲስ ኪዳን መጻሕፍት ቆጥሮ «እረኛው»ን ከቁጥሩ ውጭ አደረገው። አልጣለውም። ከጥበብ መጽሐፍ፣ ከሲራክ፣ ከአስቴር፣ ከዮዲት፣ ከጦቢትና ከሐዋርያት ትምህርት ጋር፣ ለንዑሰ ክርስቲያን እንዲነበቡ አባቶች ከደነገጓቸው መጻሕፍት መካከል አኖረው። ስንክሳርና ተአምረ ማርያም በቤተ ክርስቲያን ሲነበቡ እየሰማ ከሰማንያ አንዱ መጻሕፍት ለይቶ የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ምእመን ይህን አከፋፈል ለመረዳት አይቸገርም። በምዕራቡ በኩል መጽሐፉ ከጥንት ጀምሮ ሁለት የላቲን ትርጕሞች ቢኖሩትም፣ ቅዱስ ጀሮም በዘመኑ በላቲኖች ዘንድ ብዙም እንደማይታወቅ፣ በአንዳንድ የግሪክ አብያተ ክርስቲያናት ግን እንደሚነበብ ጽፏል።

ያው አትናቴዎስ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን፣ ፍሬምናጦስን፣ ለአክሱም ጳጳስ አድርጎ የሾመ ነው። የአክሱም ቤተ ክርስቲያን መጻሕፍቷን ከግሪክኛ ወደ ግእዝ የተረጐመችው በእስክንድርያ መንበር ጥላ ሥር ሆና ነው፤ «እረኛው»ም በዚያው በአክሱም ዘመን በቀጥታ ከግሪክኛ ወደ ግእዝ ተመለሰ። በግብፅ ለአዲስ አማኞች መማሪያ የነበረ መጽሐፍ አዲስ ወደ አመነች አገር መምጣቱ የሚጠበቅ ነው። ሄኖክና ኩፋሌ በኢትዮጵያ ከቅዱሳት መጻሕፍት ጋር ተቆጥረው ጸኑ፤ ሄርማስ ግን በሰማንያ አንዱ ውስጥ አልገባም፤ በጥቂት ገዳማት ብቻ እየተገለበጠ ቆየ።

ከእነዚህ አንዱ በትግራይ፣ በአጋሜ በኩል የሚገኘው የጉንዳ ጉንዴ ገዳም ነው። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ብርቱ ስደት የደረሰባቸው የደቂቀ እስጢፋኖስ መነኮሳት መኖሪያ የነበረው ይህ ገዳም በመጽሐፍ ጽሕፈቱ የታወቀ ነበር። ፈረንሳዊው ተመራማሪ አንቷን ዳባዲ በ1847 እ.ኤ.አ. መጽሐፉን በዚያ አገኘና አስገለበጠው። በ1860 እ.ኤ.አ. የግእዙን ንባብ ከላቲን ትርጕም ጋር በላይፕሲግ ከተማ አሳተመ። በመጽሐፉ ማብቂያ ላይ የኢትዮጵያው ጸሐፊ ማስታወሻ አለ፤ የነቢዩ ሄርማ ራእይ፣ ትእዛዝና ምሳሌ በ191 ዓመተ ምሕረት መፈጸሙን ይናገራል፤ ሄርማም ራሱ ጳውሎስ ነው ይላል። ለዚህ ማስረጃ ያደረገው የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 14ን ነው፤ በዚያ የልስጥራ ሰዎች ጳውሎስን ሄርሜን ብለው ጠርተውታልና። ጽሑፉን ወደ ሐዋርያ ስም ማስጠጋት ኦሪጎን ከሞከረው የተለየ መንገድ ቢሆንም አሳቡ አንድ ነው፤ መጽሐፉን የወደደ ሰው ጸሐፊው ሐዋርያዊ እንዲሆንለት ይመኛል።

ዳባዲ ከጉንዳ ጉንዴ በተመለሰበት ጊዜ የግሪክኛው ንባብ በአውሮፓ ገና አልታወቀም ነበር፤ ሊቃውንቱ የሚያነቡት በላቲን ብቻ ነበር። በ1855 እ.ኤ.አ. ቆስጠንጢኖስ ሲሞኒዲስ የተባለ ግሪካዊ ከአቶስ ተራራ ገዳም የወሰዳቸውን ሦስት ቅጠሎችና የሌሎቹን ግልባጭ ለላይፕሲግ ዩኒቨርሲቲ ሸጠ። ሰውየው ሐሰተኛ ጥንታዊ ጽሑፎችን በማዘጋጀት የታወቀ ስለነበር ጥርጣሬው ብዙ ነበር። ኮንስታንቲን ቲሸንዶርፍ ይህ ግሪክኛ በመካከለኛው ዘመን ከላቲን የተመለሰ ነው ብሎ ተከራከረ። ነገር ግን በ1859 እ.ኤ.አ. ራሱ ቲሸንዶርፍ በሲና የቅድስት ካትሪን ገዳም ታላቁን ብራና ሲያገኝ በመጨረሻው የ«እረኛው»ን የመጀመሪያ ክፍል በግሪክኛ አነበበ። ንባቡ ከሲሞኒዲስ ቅጠሎች ጋር ስለ ተስማማ ክርክሩን ለመተው ተገደደ። ከዚያ ወዲህ የሚሺጋንና የቦድመር ፓፒረሶች ተጨመሩ፤ የቅብጥ ቁርጥራጮችም ተገኙ፤ ከዘጠነኛው ምሳሌ ጥቂት ክፍል በመካከለኛው ፋርስኛ ተተርጕሞ በመካከለኛው እስያ በቱርፋን በማኒ ተከታዮች ጽሑፎች መካከል ታየ።

በ1956 እ.ኤ.አ. በወጣው እትም መጽሐፉ በ114 ተከታታይ ምዕራፎች ተከፈለ። ከ107ኛው ምዕራፍ አጋማሽ ጀምሮ ያለው ግሪክኛ ከትንንሽ ቁርጥራጮችና ከጥቅሶች በቀር እስካሁን ስላልተገኘ አዘጋጆች ይህን ክፍል የሚያቀርቡት ከላቲኑና ከግእዙ ነው። በእነዚያ የመጨረሻ ምዕራፎች ሄርማስን ለእረኛው አደራ የሰጠው መልአክ መጥቶ የዘጠነኛው ምሳሌ ደናግል በሄርማስ ቤት እንዲኖሩ ያደርጋል፤ ቤቱን በንጽሕና እንዲጠብቅላቸውም ያዝዘዋል። ችግር የጸናበት ሰው መከራውን መሸከም አቅቶት ራሱን እስከ ማጥፋት ሊደርስ እንደሚችል ያስረዳል፤ ይህን እያወቀ ያልረዳው ሰው የደሙ ባለ ዕዳ እንደሚሆንም ያስጠነቅቃል። ግንቡ ሳይፈጸም በጎ ሥራ እንዲሠሩ ለሁሉ እንዲነግር ሄርማስን ካዘዘው በኋላ መልአኩ ከተቀመጠበት አልጋ ተነሥቶ እረኛውንና ደናግሉን ይዞ ወጣ፤ እረኛውንና ደናግሉን መልሶ ወደ ቤቱ እንደሚልክለትም ነገረው።